ጢሱ እስከ እንግዴ ልጁ ይደርሳል

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ሲጋራና ሺሻ በእርግዝና ወቅት ስለሚያስከትሉት ጉዳት እንነጋገራለን። ጉዳዩ የሴቶች ብቻ ነው ብላችሁ ሬዲዮኑን ልትዘጉ ያሰባችሁ ባሎች ትንሽ ታገሡን፤ ወደ እናንተም እንመጣለን።

እንግዴ ልጅን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከወሊድ በኋላ ወጥቶ ሲቀበር ነው። ሥራው ግን ከዚያ በፊት ነው። ጽንሱ በማህፀን ውስጥ አይተነፍስም፣ አይበላም። ኦክስጅንም ምግብም ከእናቱ ደም የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል፣ በእትብቱ አልፎ ነው።

እናት ስታጨስ ኒኮቲን የደም ሥሮቿን ስለሚያጠብ ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ከጢሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድም ይገባል። ስሙ ቢከብድም ሥራውን እናውቀዋለን፤ ከሰል አንድደው፣ ቤት ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ ነው። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሚጣበቅ ቶሎ አይለቅም። ሺሻ ደግሞ ከሰሉ ከላዩ ስለሚነድ ይህ ጋዝ በብዛት አለው። «ውሃው ያጣራዋል» የሚባለው እውነት አይደለም።

በዚህ የተነሳ የጽንሱ እድገት ይዘገያል። የሚያጨሱ እናቶች ልጆች በአማካይ 200 ግራም ያህል ቀንሰው ይወለዳሉ። ቤት ለቤት ስንዞር «ልጁ ትንሽ ሲሆን ምጡ ይቀላል» የሚሉ እናቶች ያጋጥሙኛል። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ሕፃን ግን ጡት ለመጥባት አቅም ያንሰዋል፣ በሽታም ቶሎ ይይዘዋል፤ ካኩማ ሞቃት ነው ብንልም ሌሊት ሰውነቱ ይቀዘቅዛል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ እንግዴ ልጁ ከወሊድ በፊት ከማህፀን ግድግዳ መላቀቁ ነው። ማጨስ ይህን አደጋ ይጨምራል። ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ውጭ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ደም ካየች፣ ወይም ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሕመሙ አልለቅ ካላት፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጎረቤት ቀስቅሱ፣ የብሎክ መሪውን ጥሩ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

አሁን ወደ ባሎች። በአንዲት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እናንተ የምታጨሱትን እሷም ትተነፍሰዋለች። በር ላይ መቆም አይበቃም፤ ከቤቱ ራቅ በሉ። ብትተዉት ደግሞ ለእሷም መተው ይቀላታል።

«አሁንማ እርግዝናዬ ገፍቷል» የምትል እህት ካለች፣ ዛሬ ማቆምም ይጠቅማል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከደም ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያቆመች እናት ልጅ ደግሞ ክብደቱ ካላጨሰች እናት ልጅ ጋር ተቀራራቢ ነው።

በኛ ባህል ሴት አጫሽ መባል እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ በዚህ የተነሳ ብዙዎች ተደብቀው ያጨሳሉ። ለእርግዝና ክትትል ስትመጡ ስለ ማጨስ እንጠይቃችኋለን። እውነቱን ንገሩን፤ አንቆጣም፣ ለባልም ለጎረቤትም አንናገርም። ካርድ ያላወጣችም ብትሆን ትምጣ፤ እዚያው ይወጣላታል።