በሕንፃ ሥራ ላይ የሠራተኛን ሕይወት ስለ መጠበቅ

በጅቡቲ ከተማ ስለ ካርቲየ 3 የሕንፃ ሥራ የተዘጋጀ ንግግር



ጅቡቲ ከተማ በወደብና በምድር ባቡር ያደገች ናት። ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቀው የሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህች ከተማ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። እንጀራቸውን ፍለጋ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች የሠፈሩባቸው ቀበሌዎች በቁጥር ተጠሩ፤ ካርቲየ 3ም ከነዚሁ አንዱ ነው። ቀድሞ በነዚህ ሠፈሮች የሚበዛው ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠራ ዝቅተኛ ቤት ነበር። አሁን ግን በጠባቡ ቦታ ላይ የብሎኬትና የአርማታ ፎቅ ይቆማል።

የቤቱ ቁመት ሲጨምር አደጋውም አብሮ ይጨምራል። ቦታው ጠባብ ሲሆን የግንበኛው ርብራብ መንገድ ዳር ይተከላል፤ ስለዚህም ከላይ የሚወድቀው ብሎኬት የሚያሰጋው ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ከሱቅ የሚመለሰውን ሕፃን ጭምር ነው።

አደጋ በደረሰ ጊዜ «ዕድሉ ነው» ወይም «ሠራተኛው አልተጠነቀቀም» ማለት የተለመደ ነው። ዳሩ ግን የቀን ሠራተኛው ጣውላውን አልገዛም፤ ርብራቡን አላቆመም፤ የሥራውንም ሰዓት አልወሰነም። ይህን ሁሉ የሚወስኑት የቤቱ ባለቤት፣ ሥራ ተቋራጩና ካቦው ናቸው። እንግዲህ የጥበቃው ኃላፊነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው በነርሱ ላይ ነው። ኦሪት ዘዳግም እንኳ በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕንፃ ሥራ ጥበቃ ቁጥር 167 የተባለውን ስምምነት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከአደጋ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ ቦታን ከመሠረታውያን የሥራ መብቶች ጋር ቈጠረው።

በሥራው ቦታ ሊፈጸሙ የሚገባቸው ነገሮች ከዚህ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ርብራቡ በጽኑ መሬት ላይ ይቁም፤ ጣውላው ያልተሰነጠቀና በሚገባ የታሰረ ይሁን፤ ዳር ዳሩም አግዳሚ መከላከያ ይኑረው። 4 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደገፍ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ሽቅብ የቀሩ የፌሮ ጫፎች ይሸፈኑ፤ ከርብራቡ በታች ያለውም መተላለፊያ በገመድ ይከለል።

ሁለተኛ፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከባዱ ሥራ በማለዳ ተጀምሮ በቀትር ይቋረጥ፤ ጥላና ንጹሕ ውሃ ይዘጋጅ። ሠራተኛው እስኪጠማው ሳይጠብቅ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ። ራሱን ያዞረው ወይም ንግግሩ የተደናገረ ሰው ፈጥኖ ወደ ጥላ ይወሰድ፤ ሰውነቱም በውሃ ይቀዝቅዝ፤ ሐኪም ይጠራለት።

ሦስተኛ፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 እንደ ታየው ዝናብ ሲበረታ ጎርፍ ከተማይቱን ያጥለቀልቃታል። ውሃ ባቆረበት መሬት ላይ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ገዳይ ነው፤ ስለዚህ ሽቦው ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰቀል። እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳን ያቃጥላልና ለሚያቦካው ሰው ጓንትና ቦት ጫማ ይሰጠው።

አራተኛ፤ በዚህች ከተማ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ ይነገራሉ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ቋንቋውን ለማያነብ የቀን ሠራተኛ ምንም አይጠቅመውም። ካቦው በየማለዳው ሠራተኞቹ በሚያውቁት ቋንቋ የዕለቱን አደጋ በቃል ያስረዳ፤ የሰሙትንም መልሰው እንዲነግሩት ያድርግ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሊታሰብበት የሚገባው የፍርሃት ነገር ነው። እባረራለሁ ብሎ የሚሰጋ፣ ይልቁንም የመኖሪያ ወረቀት የሌለው እንግዳ ሠራተኛ፣ የተሰነጠቀውን ጣውላ እያየ ዝም ብሎ ይረግጠዋል። አደጋ መኖሩን በመናገሩ ማንም ሠራተኛ እንጀራውን እንደማያጣ አሠሪው በግልጽ ቢያስታውቅ፣ ምንም ወጪ ሳያወጣ ብዙ ሕይወት ያድናል። የሠፈሩ ሹማምንትም የሥራ ፈቃድ ሲመረምሩ በፕላኑ ብቻ ሳይወሰኑ ርብራቡንም ወጥተው ቢያዩ መልካም ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ ሥራ የተገባ ነው። ፎቁ ሲያልቅ ባለቤቱ ቁልፉን እንደሚረከብ ሁሉ፣ የሠራውም ሰው ደመወዙን ይዞ በጤናው ወደሚጠብቁት ቤተ ሰቦቹ ሊመለስ ይገባዋል።