ቬሎው ሰኞ ይመለሳል



የሰርግ ወቅት ነውና ዛሬ ስለ ሙሽራ እንነጋገራለን። መነሻችን ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 ነው፤ ጊዜ ስታገኙ ሙሉውን አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው እንደ እኛው አገር በሽምግልና ነው። አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣ የቤቱን አዛውንት ሎሌ ላከ። ሎሌው 10 ግመሎች ይዞ ሄደ፤ ርብቃን ከውኃ ጉድጓድ አጠገብ አገኛት፤ የወርቅ ቀለበትና አምባር ሰጣት። ቤተሰቦቿ ግን ወርቁን አይተው ዝም ብለው አልሸኟትም። ከዚህ ሰው ጋር ለመሄድ ትፈቅድ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ እሷም እንደምትሄድ ተናገረች። እስቲ አስቡት! ይስሐቅን ገና በዓይኗ አላየችውም። የሰማችው የተላከውን ሰው ምስክርነት ብቻ ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ እሺታው ከተገኘ በኋላ ሩጫው ይጀመራል። ለቀለበት ፒያሳ፣ ለመልሱ የሐበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ፣ ለቬሎ ኪራይ ከሱቅ ሱቅ፤ አዳራሹ፣ መኪናው፣ ቪዲዮው፣ የሚዜዎች ልብስ። የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ሲባል ግን “ፓስተር፣ ጊዜ አጥሮናል፤ ትንሽ አሳጥሩልን” ይሉናል። መዋብ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም፤ ርብቃም ወርቅ ተቀብላለች። ጥያቄዬ፣ የምንዋበው ለማን ዓይን ነው?

ከዓመታት በፊት አንዲት እኅት፣ ሰርጓ 3 ቀን ሲቀረው እያለቀሰች ቢሮዬ መጣች። ሦስት ጊዜ የለካችውን፣ ቀብድ የከፈለችበትን ቬሎ ልትወስድ ስትሄድ ለካ በስህተት ለሌላ ሙሽራ ተከራይቷል። “ፓስተር፣ ሰው ምን ይለኛል? ሰርጉ ይራዘምልኝ” አለችኝ። የምላት ጠፋኝ። እጮኛዋ ጋ ደወልኩ፤ መጣ። ሁሉንም ዝም ብሎ ሰማና “እኔ እኮ ሽማግሌ የላክሁት ለቬሎው አይደለም፤ ለአንቺ ነው” አላት።

ቅዳሜ የአክስቷ ልጅ ያገባችበትን ቬሎ ለብሳ ገባች። ወገቡ ትንሽ ሰፍቷት ነበር። እሱ ግን ገና ከበሩ ሲያያት እንባው መጣ። ያን ቀን የተሰበከው ለእኔ ነው። እኔም በራሴ ሰርግ “ሰው ምን ይለኛል” ብዬ ተበድሬአለሁ፤ የድግሱን ዕዳ ከፍለን ሳንጨርስ የመጀመሪያ ልጃችን ተወልዷል።

ወገኖቼ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሙሽራ ናት። ኤፌሶን 5፥25-27ን ተመልከቱ። ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ የሰጠው ንጹሕ ሆና ስላገኛት አይደለም፤ ሊያነጻት ነው እንጂ። በራእይ 19፥8 ደግሞ ሙሽራይቱ ቀጭን የተልባ እግር ለብሳለች። ልብ በሉ፣ ልብሱ ተሰጣት እንጂ አልተከራየችውም!

የኪራይ ቬሎ ሰኞ ይመለሳል። ለሰው ዓይን የሆነ መንፈሳዊነትም እንደዚያው ነው። እሑድ መዝሙሩ፣ አሜኑ፣ እጅ ማንሳቱ አለ፤ ሰኞ በሥራ ቦታ ውሸቱ፣ በቤት ቁጣው ይቀጥላል። የተሰጠን ልብስ ግን የቅዱሳን የጽድቅ ሥራ እንደ ሆነ ቃሉ ያስረዳናል፤ በጸጋ የተቀበልነው፣ ከሰኞ እስከ እሑድ የምንኖርበት ነው።

እጮኛሞች፣ ዛሬ ማታ የወጪውን ዝርዝር ዘርግታችሁ አብራችሁ ጸልዩበት። ብድር የሚጠይቀውን ሰርዙት። ወላጆች፣ ለጎረቤት ዓይን ስትሉ ልጆቻችሁን ዕዳ ውስጥ አትክተቱ።

ርብቃ በመንገዷ መጨረሻ ይስሐቅን ባየች ጊዜ ከግመሏ ወረደች፤ መሸፈኛዋንም ተከናነበች። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣችው ለእሱ ነውና። አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ለጌታ እሺ ያላላችሁ ካላችሁ፣ ምስክርነቱን ዛሬ ሰምታችኋል። እንደ ርብቃ ፈቃዳችሁን ስጡት። አብረን እንጸልይ፦

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ለሰው ዓይን የለበስኩትን አውልቄ ወደ አንተ መጥቻለሁ። በደምህ አንጻኝ፤ ጽድቅህን አልብሰኝ፤ እስክትመጣ ድረስ ለአንተ አኑረኝ። አሜን።