ሜዲካል አልፌያለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም

ለዓርብ ዕረፍታችሁ ሳትሳሱ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ እዚሁ ባያን ሰው ቤት የምሠራ ነኝ። የምነግራችሁ የደረሰብኝንና ሐኪም ያስረዳኝን ነው።

አምና ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አንዲት እህት «እኔን አድኖኛል» ብላ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ሰጠችኝ። በቀናት ውስጥ እብጠቱ ጠፋ፣ ፊቴም ሞላ። ደስ ብሎኝ ሁለት ወር ዋጥኩ፤ ሲያልቅ በቃ ተውኩት። ከሳምንታት በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ምግብ አስጠላኝ፣ ሽንቴ ሻይ መሰለ። ዓይኔ ቢጫ መሆኑን ያየችው ማዳም ናት። ሆስፒታል «ሄፓታይተስ ቢ» አሉኝ። «ሜዲካል አልፌ አይደል የመጣሁት?» አልኩ።

ሐኪሙ እንዲህ አለኝ። ያ ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን ሽፋን ነው። ድሮ ይዞን ሰውነታችን ቢያሸንፈውም ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ያኔ ምርመራው «የለም» ይላል። የድሮውን የሚያሳየው አንቲ ኤች ቢ ሲ የሚባል ሌላ የደም ምርመራ ነው።

ደግሞ ጉበትን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ አይደለም። ቫይረስ ያለበትን ሴል የሚያጠቁት የራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ፕሬድኒሶሎን እነሱን ያደክማል፤ ጉልበቴም የቀለለኝ ለዚህ ነው። ግን ዘበኛው ሲተኛ ሌባው ይበዛል። መድኃኒቱ ሲቆም ዘበኛው ይነቃና ሌባውን እመታለሁ ብሎ ዕቃውን ሁሉ ይሰባብራል። የተሰባበረው የኔ ጉበት ነው። ለመወፈር የምንውጠው ዴክሳሜታዞንም የዚሁ ዘር ነው።

በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እኛ ከዚያ በፊት ተወልደናል፤ አልደረሰንም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ኪኒን ከጓደኛ አትቀበሉ። ሐኪም እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሳምንታት ሲያዝ «መጀመሪያ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይደረግልኝ» በሉ። ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ እንዳይነሳ የሚይዙት ኤንቴካቪርና ቴኖፎቪር አሉ። አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ደግሞ በድንገት አታቁሙ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል። ቫይረሱ ያልነካችሁ ተከተቡ፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት መርፌ ነው።

«ከታወቀ ያባርሩኛል» የምትሉ አላችሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ሄፓታይተስ የተገኘባት ሜዲካል እንደማታልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ቢያንስ ለዕረፍት አገር ስትገቡ ተመርመሩ። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ግን ነገ አትበሉ፤ ከሥራ ጉበት ይበልጣል።

በሽታው አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ የያዛትን እህት አታግልሏት። ኪኒኑን የሰጠችኝም ዛሬ መሃላችሁ ተቀምጣለች። አዝናልኝ እንጂ በክፋት አልሰጠችኝም። ሁለታችንም አላወቅንም ነበር፤ እናንተ ግን አሁን አውቃችኋል።