የመዳህ ትምህርት



ስለ ድልድይና ስለ መንገድ ስንነጋገር በሰነበትንበት በዚህ ጉባኤ ስለ ሕፃን መዳህ ልናገር መነሣቴ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ያነሣሣኝ የቤቴ ደረጃ ነው። ልጄ መዳህ በጀመረች በሦስተኛው ወር ከደረጃው አፋፍ ስትደርስ ቆም ብላ ትመለስ ነበር። በእግሯ መሄድ በጀመረችበት ሳምንት ግን ያንኑ ደረጃ እንደ ሜዳ ቆጥራ ልትራመድበት ስትል በቀሚሷ ይዤ አስቀረኋት። ያ ሁሉ ትምህርት ወዴት ሄደ?

መልሱን ያገኘሁት አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካረን አዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ካሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዋ ተዳፋትነቱ ከ0 እስከ 36 ዲግሪ በሚለዋወጥ መተላለፊያ ላይ ሕፃናትን ፈተኑ። መዳህ የጀመሩ ሰሞን ሕፃናቱ የማይችሉትን ቁልቁለት ሳይቀር ጭንቅላታቸውን አስቀድመው ይወርዱበት ነበር፤ የሚይዛቸው ሰውም አጠገባቸው ይቆም ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ የሚችሉትን ከማይችሉት ለዩ። ቆመው መሄድ ሲጀምሩ ግን ስሕተቱ እንደገና ከመነሻው ጀመረ። ቁልቁለቱን ደጋግመው የሞከሩትና ጥቂት ጊዜ ብቻ የተፈተኑት ሕፃናት ውጤት ተመሳሳይ በመሆኑ፣ ያስተማራቸው በየቤታቸው ወለል ላይ በየዕለቱ መዳሃቸው እንደ ነበረ ታወቀ።

ይህ ለመሐንዲስ ሊገባው የሚችል ነገር ነው። በአራት ድጋፍ ይሄድ የነበረው አካል በሁለት ሲቆም የክብደቱ ማዕከል ከፍ ይላል፤ መሠረቱም ይጠብባል። ስለዚህ ሚዛኑ እስከምን እንደሚጸና ሕፃኑ እንደ አዲስ ሊማር ይገደዳል፤ የቀድሞው ስሌት አያገለግለውም።

ሁሉም ሕፃን የግድ ይድሃል ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት 4.3 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በእጅና በጉልበት ሲድሁ አልታዩም። ቁም ነገሩ ሕፃኑ በራሱ ተንቀሳቅሶ መሞከሩ ላይ ነው።

ከትምህርት ገበታ ወደ ሥራ ቦታ የሚመጣ ወጣት መሐንዲስ ባየሁ ቁጥር ያ ደረጃ ትዝ ይለኛል። በወረቀት ላይ የማይሳሳተውን በሥራ ቦታ ሲሳሳት ትምህርቱ ከንቱ ነበር ብለን አንፍረድበት፤ አቋሙ ተለውጦበታልና። ሥራውን ቀምተን ብንሠራለት አይማርም፤ ብቻውን ብንተወውም በስሕተቱ ሌላ ሰው ሊጎዳ ይችላል። እርሱ ይሞክር፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን ከቁልቁለቱ አጠገብ እንቁምለት።