ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ያደረግነው ጉዞ

ባለፈው ስንለያይ ማኅበረ ሥላሴን ልናይ ነው ብለናችሁ ነበር። ይኸው ሄደን ተመለስን።

ገዳሙ ያለው እዚሁ በእናንተው ቆላ ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. በጦርነት ከቆሰሉበት ከመተማና ከቋራ አገር። የሄድነው በእግር ነው። ውሃችን ከግማሽ መንገድ በፊት አለቀ። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሁለት ሁለት ቅል ያዙ ቢሉን አንድ ይበቃናል ብለን ነበር።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ነው። ወደ ገዳሙ ስንቀርብ ግን ጫካው ተቀበለን። በአውሮፓ ጎቲክ በሚባል አሠራር የታነፁ ረጃጅም የድንጋይ ገዳማት አሉ፤ መንገደኛ አንጋጦ የሚያየው ግንቡን ነው። እኛ አንጋጠን ያየነው ዛፉን ነው።

የገባነው ወንዶቹ ብቻ ነን፤ በገዳሙ ሥርዓት ሴት አትገባም። እህቶቻችን ቅር ብሏቸው ከውጭ ቀሩ። ስንመለስ ግን ከእኛ የበለጠ ተምረው አገኘናቸው። ለካ ዕጣን ከሚያደሙ ሠራተኞች ጋር ውለው ኖሯል!

ሥራው እንዲህ ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላ የዕጣኑ ዛፍ ቅርፊት በስለታም መፋቂያ ጥቂት ጥቂት ይነሳል። እንባው ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይለቀማል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ እንደገና ይፋቃል። ክረምት ሲገባ ሥራው ይቆማል። ቁስሉ ከበዛ ዛፉ ይደክማል፣ ፍሬው ይቀንሳል፣ ነቀዝም ይገባዋል። ስለዚህ ዛፉን ማሳረፍ ያስፈልጋል። ይህ ዕጣን ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናትም ይጨሳል እኮ!

አንዷ እህታችን ሌላም ነገር አስተውላለች። በዚያ ቦታ ትልልቅ የዕጣን ዛፍ ሞልቷል፤ ልጅ ዛፍ ግን የለም። ምነው? ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፤ ከከብት የተረፈውን እሳት ይፈጀዋል። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የተደረገና በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናትም ይህንኑ አግኝቷል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ሽማግሌ ዛፍ ሲሞት የሚተካው የለማ!

እሳቱን የሚለኩሰው ማነው? አንዱ ለምንጣሮ፣ አንዱ ሣር እንዲያቆጠቁጥለት፣ አንዱ ማር ሲቆርጥ ነው። ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በሚቀጥለው ስንገናኝ ንገሩን፤ እንጽፈዋለን።

ስንመለስ ከመንገድ ዳር አንድ የዕጣን ቡቃያ አገኘን። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። እሾህ ቆርጠን ዙሪያውን አጠርነው። ወደዚያ የሚሄድ ካለ ቦታውን እናሳየዋለን።