ጠበቃ ከመያዛችሁ በፊት አንብቡ

ባለፈው ጊዜ ደረሰኝ ስለ ማንበብ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ማንም የማይመኘውን ነገር እናንሣ። ከቤታችሁ ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ ቢያዝ፥ ጠበቃ እንዴት ትይዛላችሁ?

ከማታ ተማሪዎቼ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው በድብድብ ተጠርጥሮ ታሰረ። እየሮጡ ፍርድ ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ አንድ ሰው አገኛቸው። «እማማ፥ ጠበቃ ነኝ። ዳኛውን አውቀዋለሁ። በሦስት ቀን አስፈታዋለሁ» አላቸው። ለመነሻ ብሎ 500 ብር ተቀበላቸው። ለቀሪው ላማቸውን ሊሸጡ ተነሡ።

ማታ ክፍል መጥተው አጫወቱኝ። «ለመሆኑ ፈቃዱን አንብበዋል?» አልኳቸው። በማግሥቱ ሄደው፥ «ልጄ፥ ፈቃድህን አሳየኝ፤ ማንበብ ለምጃለሁ» አሉት። «ቤት ረስቼዋለሁ» አለና ሄደ። እንደ ወጣ ቀረ። 500 ብሩ አልተመለሰም። ላሟ ግን ከነጥጃዋ ቤት ናት።

አያችሁ? ፍርድ ቤት በር ላይ የቆመ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። ደላላም አለ። ጠበቃ ማለት ሕግ ተምሮ የጥብቅና ፈቃድ የያዘ ሰው ነው። ፈቃዱን ተቀብላችሁ አንብቡ። ስሙ የራሱ ነው? ጊዜው አላለፈም? ጉዳያችሁ በሚታይበት ፍርድ ቤት መከራከር ያስችለዋል?

ከዚያ በጽሑፍ ተዋዋሉ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም እንዴ? ክፍያው ስንት ነው? መቼ መቼ ይከፈላል? ሥራው ለዋስትና ብቻ ነው ወይስ እስከ ፍርድ? ይግባኝስ ይጨምራል? ይህ ሁሉ ይጻፍ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ሳታነቡ አትፈርሙ። ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። «በእርግጥ አስፈታዋለሁ» የሚለውን ተጠንቀቁ። ክርክሩ የጠበቃ ነው፤ ፍርዱ የዳኛ ነው።

ጠበቃ እስኪገኝ ድረስስ? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 እንዲህ ይላል፦ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ የታሰረው ወገናችሁ ቃሉን ከሰጠም፥ የተጻፈውን ሳያነብ ወይም ሳይነበብለት አይፈርም።

«እኔ ድኻ ነኝ፥ ለጠበቃ ከየት አመጣለሁ?» የምትሉም አትፍሩ። አንቀጽ 20ን ስሙ። ተከሳሽ የመክፈል አቅም ከሌለውና ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፥ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ይህ ሰው ተከላካይ ጠበቃ ይባላል። ተከሳሹ ራሱ ለዳኛው፥ «ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም» ብሎ ይናገር። የእኒያም እናት ልጅ እንዲህ ብሎ ጠበቃ ቆሞለታል። ጉዳዩ ገና አላለቀም። እሳቸው ግን በቀጠሮው ቀን ሁሉ ደብተራቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

የዛሬው የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ጠበቃ፥ ፈቃድ፥ ውል፥ ደረሰኝ። እነዚህን አራት ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ። ከዚያም ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።

ደህና ሰንብቱ።