ከሣልስት እስከ ሙት ዓመት

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ሰው የሞተበት ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ሐዘኑን ብቻውን አይሸከምም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት እህል ውኃ ይዞ ይመጣል። ጸሎቱም በቀብር አያበቃም፦ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅ፣ በሙት ዓመትም ይታሰባል። በተለይ አርባው ይከብዳል። ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ተዝካር ይወጣል፤ ነዳያን ይበላሉ። ድግሱ ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ሲከት ግን ያሳዝነኛል፤ ለሟች የሚያስፈልገው ጸሎትና ምጽዋት ነውና።

ለሐዘንተኛውስ? ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ እነዚህ ቀናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ያወጡታል፤ ከሰው ጋር ያገናኙታል። በቀብሩ ዕለት ያልደረሳችሁ ካላችሁ በአርባው ሂዱ፤ ያኔም ሰው ይፈልጋል።